የሁለተኛው ባቡር ጥያቄ

በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ጌታችን በወንጌል ሲናገር፣ እነዚያ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ነበሩ ብለው የሚያስቡትን ሰሚዎቹን ገሥጾ፣ ጥያቄውን ከሟቾቹ ላይ አንሥቶ ወደ ጠያቂዎቹ መለሰው፤ ሆኖም የሰው ልጅ ይህን ተግሣጽ ከሰማ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ የባልንጀራው ቤት ሲፈርስ ባየ ቁጥር «ምን በድሎ ይሆን?» ማለቱን ገና አልተወም። መከራ የበደል ምስክር ነውን? ሊቃውንት ይህን ጥያቄ መጽሐፈ ኢዮብን እየተረጐሙ ሲመረምሩት ኖረዋል፤ እኔ ግን ዛሬ ማንም በማይጠብቀው ስፍራ፣ በአንድ አጭር የሣቅ ፊልም ውስጥ፣ ልመረምረው ወድጃለሁ።

ፊልሙ አሜሪካዊው ባስተር ኪተን ከኤድዋርድ ክላይን ጋር አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1920 ያወጣው፣ ድምፅ የሌለውና ግማሽ ሰዓት የማይሞላው «አንድ ሳምንት» ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ እንደ ሲርስ ያሉ የንግድ ድርጅቶች፣ እንጨቱ በልክ ተቆርጦ የተዘጋጀ ሙሉ ቤት ከነመመሪያው በባቡር እየላኩ ይሸጡ ነበርና፣ ኪተንና ሲቢል ሲሊ የሚጫወቷቸው ሁለት ሙሽሮችም እንዲህ ያለ በሣጥን የታሸገ ቤት ከነቦታው በስጦታ ያገኛሉ፤ ነገር ግን ሙሽራዪቱን ተመኝቶ ያጣት ሰው በስውር መጥቶ የሣጥኖቹን ቁጥር ይለውጥባቸዋል። ባልየው ትእዛዙን አንዳች ሳያጓድል ፈጸመ፤ ከታማኝነቱም የተነሣ ግድግዳው የተንጋደደ፣ የላይኛው ፎቅ በር ወደ ባዶ አየር የሚከፈት ቤት አቆመ፤ በዚያም በር ወጥቶ ከነልብሱ መሬት ላይ ተዘረረ።

ምዕራባውያን ገደ ቢስ በሚሉት ዓርብ 13 ቀን እንግዶች ጠርተው ሳለ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ቤቱን እንደ እንዝርት አሾረው፤ በማግሥቱም ከተተከለበት ቦታ እንዲያነሡት ታዘዙ፤ ለካስ የቦታው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተገልብጦ ኖሮ፣ ስሳ ስድስት የነበረውን ዘጠና ዘጠኝ አድርገው አንብበውት ነበር። እንግዲህ አስተዋይ ተመልካች ይህን መከራ ቢመረምረው፣ አንዱ ከጠላት ምቀኝነት፣ ሁለተኛው ከራስ አለማስተዋል፣ ሦስተኛው ከማንም ፈቃድ ሳይሆን ከነፋስ ጠባይ የመጣ መሆኑን ይረዳል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ግን ባልየው ተቀጣበት ልንል የምንችል አንዲት በደል እንኳ አናገኝም።

ከሁሉም የሚበልጠው ምሥጢር በመጨረሻው ላይ ይገኛል። ሙሽሮቹ ቤቱን በበርሜል ላይ አንከባልለው ወደ እውነተኛው ቦታው ሲወስዱት ከባቡር ሐዲድ ላይ ይቆምባቸዋል፤ ባቡርም ሲመጣ ቢገፉት አልነቃነቅ ስላላቸው፣ ሸሽተው ጥፋቱን ላለማየት ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። ባቡሩ ግን በጎን ባለው ሌላ ሐዲድ ኖሮ ቤቱን ሳይነካ ያልፋል። እነርሱ በእፎይታ ገና ሳይተነፍሱ፣ ከወዲያኛው አቅጣጫ ሌላ ባቡር መጥቶ ቤቱን እንክትክቱን ያወጣዋል።

ከሙሽሮቹ አንዱ የመጀመሪያው ባቡር ሲያልፍ «ቸርነቱ ጠበቀን» ቢል ኖሮ፣ ሁለተኛው ሲመጣ ምን ሊል ነበር? ቤቱ መትረፉን የሞገስ ምልክት ያደረገ ሰው፣ መፍረሱን የመዓት ምልክት ለማድረግ ይገደዳል፤ በሁለቱ ባቡሮች መካከል ግን የሰዎቹ ጠባይ አልተለወጠም፣ ኃጢአትም ለመሥራት ጊዜ አላገኙም። ስለዚህ ስሕተቱ የሚጀምረው በሁለተኛው ባቡር በማጕረምረም ሳይሆን፣ በመጀመሪያው ባቡር ራስን እንደ ጻድቅ በመቍጠር ነው። ማመስገን ተገቢ ነው፤ ምስጋናን ወደ ፍርድ መለወጥ ግን የኢዮብን ወዳጆች ያስወቀሰ ድፍረት ነው።

ምናልባት «የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» እንደሚባለው፣ በወደቀ ሰው መሣቅ ራሱ ምሣር ማንሣት አይደለምን? የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ በኪተን ፊት ላይ ይገኛል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከወላጆቹ ጋር በተውኔት መድረክ ላይ እየወደቀና እየተነሣ ያደገው ይህ ሰው፣ እርሱ ባልሣቀ መጠን ሕዝቡ አብልጦ እንደሚሥቅ ገና በልጅነቱ ስለ ተማረ፣ «የድንጋይ ፊት» እስኪባል ድረስ በመከራው መካከል አያለቅስም፣ አይማረርም፣ «ለምን እኔን?» ብሎም አይጠይቅም። የሚዘብት ሰው የወደቀው እንዲዋረድ ይመኛል፤ እኛ ግን ይህ ሰው እንዲነሣ እየተመኘን እንሥቃለን፤ ቍጥሩ መለወጡን እናውቃለንና ልንፈርድበት አንችልም። ለዚህ ሰው የምንራራለት ምክንያቱን ስላየን ከሆነ፣ የመከራውን ምክንያት ባላየንለት ጎረቤታችን ላይ የምንፈርደው በምን ሥልጣን ነው?

ባልየው በፍርስራሹ ላይ የሽያጭ ማስታወቂያ ካቆመ በኋላ የግንባታውን መመሪያ ጨምሮበት፣ የሚስቱን እጅ ይዞ ይሄዳል። አንባቢ ሆይ፣ የጎረቤትህ ቤት በፈረሰ ቀን እንጨቱን ልታነሣለት ሂድ፤ የበደሉን ምርመራ ለሚያውቀው ተውለት።