ስለ ምስጢርና ስለ ወዳጅ ሕይወት

ምስጢር መጠበቅ የታማኝ ሰው ምልክት ነው። ወዳጁ ያዋየውን ነገር በየአደባባዩ የሚዘረግፍ ሰው ዳግመኛ የሚያምነው አያገኝም። ዳሩ ግን ምስጢሩ ተጠብቆ ባለምስጢሩ የሚጠፋ ቢሆን፣ ዝምታችን ታማኝነት ይባላልን?

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ሁለት ጓደኛሞች አሉ እንበል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ አንደኛው እንቅልፍ ያጣል፤ ምግብ ይጠላል፤ ከሰው ይርቃል። መምህሩ «ሰነፈ»፣ አባቱም «ጠገበ» ይሉታል። አንድ ማታ ለጓደኛው «መኖር ሰልችቶኛል፤ ለማንም እንዳትናገር» ብሎ ያስምለዋል። ጓደኛው ምን ያድርግ?

አንዳንዱ፣ ስለ ሞት ብጠይቀው አሳቡን አነሣሣበታለሁ ብሎ ይፈራል። ይህ ስሕተት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው፣ በርኅራኄ መጠየቅ ጭንቀትን ያቀላል እንጂ ሰውን ለጥፋት አይገፋም። ነገሩም የጥቂቶች ብቻ አይደለም፤ ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ሕመም እንደሚያገኘው ይኸው ድርጅት ይገምታል።

እንግዲህ ጓደኛው አስቀድሞ ሳይቈጣና ሳይገሥጽ ያድምጠው፤ ብቻውንም አይተወው። ቀጥሎ «ስለምወድህ ይህን ብቻዬን አልሸከመውም» ብሎ በግልጽ ነግሮት፣ ለወላጅ ወይም ለሚያምኑት መምህር ያስታውቅ። የሰማው ሰው ቢያቃልለው ለሌላ ይናገር። ሕመሙ ሐኪም አለው፤ በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል የቈየ የአእምሮ ሕክምና ቤት ነው፤ ሩቅ ላለም መነሻው የቅርቡ ጤና ጣቢያ ነው።

መሐላውስ? ምስጢር የሚጠበቀው ለባለምስጢሩ ጥቅም ነው። እርሱን የሚያጠፋ ከሆነ የመጠበቁ ምክንያት ይፈርሳል። ይህም ማለት ለሁሉ ይነገር ማለት አይደለም፤ ለመርዳት ለሚችል መናገር ማዳን ነው፤ ለመሣቅና ለመደነቅ ለሚሰማ መናገር ግን ክዳት ነው።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ምሳሌው ለታማሚው ብቻ አይደለም፤ የወዳጁን በሽታ አብሮ ለሚሸሽግም ነው። ወጣት ሆይ፣ ጓደኛህ ምስጢሬን አወጣህብኝ ብሎ ቢቀየምህ ታገሠው። የተቀየመ ወዳጅ በሕይወት ካለ አንድ ቀን ይታረቃል።