ከምርቃናው በኋላ

ልጆቼ፣ ስለ ሐሺሽ ልመክራችሁ ነው፤ ጫቱን ዘልዬ ብጀምር ግን አታምኑኝም። እኛ ወሎዎች በዱዓ፣ ቡና አፍልተን፣ ተመራርቀን የቃምን ሰዎች ነን። «እናንተስ?» ብትሉኝ እውነት አላችሁ።

የዱዓው ጫት ግን ሰዓት ነበረው፤ «በቃ» የሚል ታላቅም ነበረበት። የዛሬው በርጫችሁ እኩያ ብቻ ነው። ሲመሽ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፣ ጠዋት ትምህርት አለ፣ ማብረጃ ይፈለጋል። ገንዘብ ያለው ጨብሲ ይገባል፤ የሌለው ከእጅ እጅ የሚዞረውን የሐሺሽ ጥቅል ይስባል። የመጀመሪያዋን የሚሰጣችሁ ፊልም ላይ የምታዩት ክፉ ሻጭ አይደለም። የምትወዱት ጓደኛ ነው፤ ያውም በነጻ።

ሌላም አለ። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሕፃናት የነበራችሁ ዛሬ ጎረምሶች ናችሁ። ያያችሁትን ቁጭ ብሎ የጠየቃችሁ አዋቂ ጥቂት ነው። ጭሱ ለጊዜው ያስረሳል፤ አልክድም። መርጦ ግን አያስረሳም፤ ትናንት የተማራችሁትንም አብሮ ያስረሳል።

አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና ይበስላል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ሐሺሽ ከሚጀምሩት ከስድስት አንዱ ገደማ ሱስ ይይዘዋል። ስዊድን ውስጥ 45,000 ገደማ ምልምል ወታደሮችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት፣ እስከ 18 ዓመታቸው ከ50 ጊዜ በላይ የተጠቀሙት ስኪዞፍሬኒያ የተባለው የአእምሮ ሕመም ካልተጠቀሙት ስድስት እጥፍ እንደያዛቸው አሳይቷል። የሳበ ሁሉ ያብዳል አልላችሁም፤ እንዲያ ብዬ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ማን እንደሚተርፍ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሕጉንም እወቁ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ሻጩን ብቻ ሳይሆን ይዞ የተገኘውንም ይቀጣል።

የጀመራችሁ ካላችሁ አትደብቁ። የኛ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ድሮ የሥጋ ደዌ መታከሚያ ነበር። ያኔ ስንቱ አፍሮ ደብቆ፣ ጣቱ ካለቀ በኋላ መጣ፤ መድኃኒቱ ደግሞ የሄደውን ጣት አይመልስም። ድምፅ ከሰማችሁ፣ ሰው ሁሉ የሚከታተላችሁ ከመሰላችሁ፣ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ጠበሉንም ሩቅያውንም አልከለክልም፤ ሐኪሙን ግን አያስቀራችሁ። ለአባት መንገር ከከበዳችሁ ለአክስት ንገሩ፤ አክስት ምስጢር ትይዛለች፣ የታክሲም አትነፍግም። ወላጆችም፣ ልጁ ደፍሮ ሲነግራችሁ ዱላውን አስቀምጡና መጀመሪያ «አብሽር» በሉት።