ሌሊት ለሚተጉ አስታማሚዎች ያለብን ዕዳ

ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት ነቅቶ መጠበቅ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ሥራ ነው። የከተማ ዘበኛ፥ የመንጋ እረኛ፥ ማኅሌት የሚቆም ካህን፥ የታመመ ልጇን አቅፋ የምታነጋ እናት፥ እነዚህ ሁሉ ሌላው በሰላም እንዲያድር የራሳቸውን እንቅልፍ ይሰጣሉ። ከነዚህም ጋራ ሊቈጠሩ የሚገባቸው በየሆስፒታሉ የሌሊት ተራ ገብተው የሚያድሩ ሐኪሞች፥ ነርሶች፥ አዋላጆችና የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። እኛ ግን እነርሱን የምናስባቸው ስንታመም ነው፤ ስንድን እንረሳቸዋለን። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ ለማንሣት እንወዳለን፤ ይኸውም የሌላውን ጤና ሲጠብቅ የራሱን ጤና ለሚያጣ ሰው ዕዳው በማን ላይ ነው? የሚል ነው።

አስቀድሞ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ፈጣሪ ቀንንና ሌሊትን የለየው በሰማይ ብቻ አይደለም፤ በሰው ሰውነት ውስጥም ለይቶታል። በአንጎላችን ውስጥ፥ ሁለቱ የዓይን ነርቮች ከሚገናኙበት ስፍራ በላይ፥ እንደ ሰዓት ሆኖ የሚሠራ እጅግ ትንሽ ክፍል አለ። ይህም ክፍል ብርሃንን በዓይን በኩል እየተቀበለ ለመላው ሰውነት ጊዜውን ያስታውቃል። ጉበትም፥ ቆሽትም፥ ጡንቻም ደግሞ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ይህን የሕዋስ ሰዓት አሠራር በበሰለ ፍሬ ላይ የምታንዣብበውን ትንሽ ዝንብ እየመረመሩ የገለጹት ሦስት የአሜሪካ ሊቃውንት፥ ጄፍሪ ሆል፥ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ፥ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2017 ዓመት የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል።

ሌሊት በሆነ ጊዜ ሰውነት ለዕረፍት ስለሚዘጋጅ ከደም ውስጥ ስኳርን የማንሣት ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ አንዱ ምግብ ጧት ሲበላና ሌሊት ሲበላ በደም ውስጥ የሚያሳድረው የስኳር መጠን እኩል አይደለም፤ የሌሊቱ ይበልጣል። ተረኛዋ ነርስ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድካሟን ለማስታገሥ ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ ትወስዳለች። ጧት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፀሐይ ትቀበላታለች፤ ተኝታ ሳትጠግብ ትነሣለች፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ረኃቡ ይጨምራል። በሌላው ሳምንት ተራው ተለውጦ ቀን ስትሠራ የአንጎሏ ሰዓት አንድ ነገር ይናገራል፥ የጉበቷ ሰዓት ሌላ ይናገራል፤ ሰውነቷም ዜማው እንደ ተለያየበት ማኅሌት ይሆናል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በ1976 ዓመት የተጀመረ የነርሶች ጤና ጥናት የሚባል ታላቅ ምርመራ አለ። ከዚህ ምርመራና ከተከታዩ ተወስዶ በ2011 በታተመው ጽሑፍ፥ በመጀመሪያ የስኳር በሽታ ያልነበረባቸው ከ177 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች ኑሮ ለ18 እና ለ20 ዓመታት ያህል ተከታትሎ ታይቷል። የሌሊት ተራ ገብተው ከማያውቁት ጋራ ሲነጻጸሩ፥ ቀንና ሌሊት እያፈራረቁ ከ3 እስከ 9 ዓመት የሠሩት በበሽታው የመያዛቸው ዕድል በመቶ 20፥ ከ10 እስከ 19 ዓመት የሠሩት በመቶ 40፥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሠሩት በመቶ 58 በልጦ ተገኘ። ይህ ማለት ከመቶው 58ቱ ታመሙ ማለት አይደለም፤ ዕድሉ ከሌሎቹ በዚህ ያህል በለጠ ማለት ነው። ከዚህም ትልቁ ድርሻ ከሰውነት ክብደት መጨመር ጋራ የተያያዘ ነው፤ ክብደቱ ተቀናንሶ ሲታሰብ ግን ሃያ ዓመት በሠሩት ላይ በመቶ 24 ያህል ትርፍ ቀርቷል።

እንግዲህ አንዱ፥ «ወዳ የገባችበት ሥራ ነው፤ ደመወዝም ትቀበልበታለች» ይል ይሆናል። ነገር ግን ደመወዝ የድካሟ ዋጋ ነው እንጂ የጤናዋ ዋጋ አይደለም። ሻጩም ገዢውም ያላወቁት ዕቃ በስምምነት ተሸጠ አይባልም። ሳናውቅ በወሰድን ጊዜ ስሕተት ነበረ፤ ዐውቀን ዝም ብንል ግን ግፍ ይሆናል።

ሌላውም፥ «ስለ ወንድም ብሎ ራስን መሥዋዕት ማድረግ ቅዱስ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን መሥዋዕትን የሚያቀርበው ባለቤቱ ነው። ኢያቡሳዊው ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን በነጻ ሊሰጠው በወደደ ጊዜ፥ ንጉሥ ዳዊት ምንም ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ማቅረብን አልወደደም፤ በገንዘቡ ገዛው። እኛ ግን የሌላውን እንቅልፍ መሥዋዕት እያልን እናመሰግናለን፤ ከራሳችን ምንም አላወጣንም።

ሌሊትን ከሆስፒታል ማስወገድ አይቻልም፤ ምጥ ሰዓት አይመርጥምና። ሠራተኛ ጥቂት በሆነበት ስፍራም አንዲቱን ማሳረፍ በሌላዋ ላይ መጫን ነው፤ አለዚያም በሽተኛውን ብቻውን መተው ነው። ስለዚህ ዕዳው በአንድ አለቃ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም፤ ሠራተኛ ለመጨመር ገንዘብ በሚመድበውና በሚታከመው ሕዝብ ሁሉ ላይ ነው። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1990 ባወጣው ስለ ሌሊት ሥራ በሚናገረው በ171ኛው ስምምነት፥ ሌሊት የሚሠራ ሰው ቢጠይቅ ጤናው ያለ ክፍያ እንዲመረመርለት፥ የሌሊት ሥራ የማይስማማው መሆኑ ከተረጋገጠም በሚቻል ጊዜ ሁሉ ወደሚመሳሰል ሌላ ሥራ እንዲዛወር ተጽፏል። ይህ የሚጠይቀው ታላቅ ነገር አይደለም። ተራው በየጥቂት ቀኑ እንዳይገለባበጥ፥ ለተረኛው ጥቂት የሚያርፍበት ስፍራና ቀለል ያለ ደኅና ምግብ እንዲዘጋጅለት ማድረግም እንዲሁ።

በቤታችንም ዕዳ አለብን። ሌሊት ተግታ የገባችውን ቀን ተኝታ ስናገኛት ሰነፍ ናት አንበል፤ ቡና አፍዪ፥ ልጅ ያዢ ብለንም አናስነሣት። መስኮቷን መጋረድ፥ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ያለ ገንዘብ የሚፈጸም ምጽዋት ነው።

በወንጌል የተነገረውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሁላችን እናውቃለን። ስለ ሳምራዊው ብዙ ተሰብኳል፤ እርሱ መንገዱን ከሄደ በኋላ ቁስለኛውን እንዲጠብቅ ዐደራ ስለ ተቀበለው ስለ እንግዶች ማደሪያው ባለቤት ግን የተነገረው ጥቂት ነው። ሳምራዊው ግን አልረሳውም፤ ሁለት ዲናር ሰጠው፥ ከዚያም በላይ የሚያወጣውን ሲመለስ ሊከፍለው ቃል ገባ። ምሕረቱ ፍጹም የሆነው ቁስለኛውን በማንሣቱ ብቻ ሳይሆን የጠባቂውን ድካም በነጻ ባለመውሰዱም ነው። በሌላ ሰው ትጋት ሌሊቱን ተሻግረን ከሆስፒታል በደኅና የወጣን ሁሉ ያ የቀረው ሒሳብ አለብን።