ከወኅኒ ለወጣ ሰው ዋሱ ማን ነው?

ዛሬ ስለ ፊልም ልናገር ብነሣ ከመካከላችሁ የሚደነቅ ሰው እንደማይጠፋ ባውቅም፣ የሰው ልጅ ፍርሃቱንና ተስፋውን በሥዕል አድርጎ ከሚያይበት ነገር ሰባኪ የሚማረው አያጣም ብዬ ስለማምን፣ በዚህ በሚኤሶም ሆነ ሽቅብ በጭሮና በሂርና ወጣቶቻችን በየቪዲዮ ቤቱ ተሰብስበው ከሚያዩት ታሪክ አንዱን ዓይነት፣ ይኸውም ከእስር ቤት የወጣ ሰው እንደገና ለመኖር የሚታገልበትን ታሪክ፣ ለትምህርቴ መነሻ አደርገዋለሁ።

የዚህ ዓይነቱ ፊልም ጥበብ ልብን አንጠልጥሎ ማቆየት ነው። የወኅኒው በር ተከፍቶ ሰውዬው ጥቂት ልብሱን በፌስታል ይዞ ብቅ ካለበት ሰዓት ጀምሮ፣ የጥንት ግብረ አበሩ በመንገድ ጥግ ሲጠብቀው፣ ያልተቈለፈ ሣጥን ፊት ለብቻው ሲቆም፣ ፖሊስ ስሙን ሲጠራው፣ ተመልካች ሁሉ ትንፋሹን ውጦ «አሁን ይወድቅ ይሆን?» እያለ ይጠባበቃል። በፊልም ቤት ይህ ነቀፋ የለበትም፤ ታሪኩ ሲያልቅ መብራት ይበራል፣ ሰውም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን ያንኑ ዓይን ይዘን ወጥተን፣ ከጭሮ ማረሚያ ቤት ፍርዱን ፈጽሞ የተመለሰውን ጐረቤታችንን እንደዚያው ቆመን የምንመለከተው ከሆነ፣ እኛ የውድቀቱ ተመልካቾች መሆናችን ቀርቶ የውድቀቱ ተባባሪዎች ሆነናል።

እስኪ የሚሆነውን አስቡት። ሰውዬው ከአውቶቡስ ይወርዳል። ጫኝና አውራጅ ለመሆን ቢጠይቅ ማኅበሩ ሞልቷል ይሉታል፤ የጭነት መኪና ረዳት ልሁን ቢል፣ ዘበኛ ልሁን ቢል፣ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጉልበቱን ሳይሆን ዋሱን ነው። ብዙ ዓመት ታስሮ የኖረ ሰው ደግሞ ዋስ ከየት ያመጣል? አባቱ ሞቶ ይሆናል፣ ሚስቱ ሌላ አግብታ ይሆናል፣ የሚያውቁት ሁሉ የሚያውቁት በጥፋቱ ነው። ከሰፈሩ ፍየል በጠፋ ቀን ማንም ዱካ ሳይከተል አስቀድሞ የእሱ ስም ይነሣል። እንግዲህ በመንገድ ጥግ የሚጠብቀው ያ የጥንት ባልንጀራው ብቻ ዋስ ሳይጠይቅ የሚቀጥረው ከሆነ፣ ወደ እሱ ቢሄድ የምንደነቀው ስለ ምንድን ነው?

የአገራችን ፊልም ገና በጨቅላነቱ ይህን ነገር ነክቶት ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀውና ዛሬ ዓመታዊው የፊልም ሽልማት በስሙ የሚጠራበት «ጉማ» የተባለው ፊልም፣ ሳያስበው ወዳጁን ገድሎ የደሙን ዋጋ በልመና ሊከፍል የተገደደውን ሰው ታሪክ የሚያሳይ ነው። ጉማ የሚባለው የደም ዋጋ ሥርዓት ምን እንደ ሆነ ለሐረርጌ ሰው የሚያስረዳ አያስፈልገውም። በዚህ አገር የመንግሥት ፍርድ ተፈጽሞ ገዳይ ከወኅኒ ቢወጣም፣ ሽማግሎች በሟች ወገንና በገዳይ ወገን መካከል ገብተው ዕርቅ ካላወረዱ ነገሩ እንዳላለቀና ደምም ሌላ ደም እንደሚጠራ ሁላችን እናውቃለን። በዚህ ሥርዓት ዘወትር የሚያስደንቀኝ ለደሙ ካሣ ከብቱን የሚያወጣው ገዳዩ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ በእርሻው ላይ የዋለ፣ ግድያውን በዓይኑ እንኳ ያላየ የጐሣ ሰው ሁሉ የድርሻውን ያዋጣል። በሶማሌው ወንድማችንም ዘንድ የአንድ ሰው ደም 100 ግመል ሲባል፣ ያን የሚከፍለው በአንድ ቃል ኪዳን የተሳሰረው ወገን ነው እንጂ ባለ ጥፋቱ ለብቻው አይደለም። ስለዚህ እነዚህ የቆላና የደጋ ሰዎች ያለ መጽሐፍ የተማሩት ነገር አለ፤ ጥፋተኛ ለብቻው ሊሸከመው የማይችለውን ወገኑ ሲሸከምለት ብቻ ወደ ሰው መካከል ሊመለስ እንደሚችል።

ይህን ስናገር የተበደለውን የዘነጋሁ የሚመስለው ቢኖር ዕርቁ በማን ቤት እንደሚጀመር ያስተውል። ሽማግሎቹ አስቀድመው የሚሄዱት ወደ ሟች ቤተ ሰብ ነው፤ ሐዘናቸውን ሰምተው፣ ቍጣቸውን ታግሠው፣ እሺ እስኪሏቸው ደጋግመው ይመላለሳሉ። የተበደለችውን እናት ሳይጠይቅ በዳይን የሚያቅፍ ርኅራኄ እኔ ርኅራኄ ብዬ አልጠራውም።

የበዳይን ሸክም ስለ መሸከም በመጽሐፍም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። ከዮሴፍ ጋራ የታሰረው የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ ከወኅኒ ወጥቶ ወደ ሹመቱ በተመለሰ ጊዜ ዮሴፍን ሁለት ዓመት ሙሉ ረሳው፤ ራሱ ምሕረት ያገኘ ሰው በወኅኒ የተወውን ሊረሳ መቻሉ እጅግ የሚያስፈራ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ራሱ እስረኛ ሳለ ስለ ኮበለለው አገልጋይ ስለ አናሲሞስ ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲጽፍ፣ ማረው ብሎ በመለመን ብቻ አልቀረም፤ የበደለህ ወይም ያጐደለብህ ነገር ቢኖር እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ፈርሞ ዋስ ሆነ። ልመናና ዋስትና የተለያዩ ናቸው፤ ለምኖ የሚሄድ ምንም አይጐድልበትም፣ ዋስ የሆነ ግን ስሙንና ገንዘቡን አስይዟል።

አባ ሙሴ ጸሊምን ደግሞ ተመልከቱ። ቤተ ክርስቲያናችን በሰኔ 24 ቀን የምታከብረው ይህ አባት የወንበዶች አለቃ ነበረ፤ ዓባይን ዋኝቶ ተሻግሮ የሰው በግ የዘረፈ ሰው ነው። ወደ አስቄጥስ በረሃ በደረሰ ጊዜ መነኮሳቱ እንደ ፈሩት ይነገራል፤ መፍራታቸውም ነውር አይደለም፣ ሰው ናቸውና። ይሁን እንጂ አባ ኤስድሮስ ፈርቶ በሩን አልዘጋም፤ ተቀብሎ ወደ አባ መቃርስ ወሰደው፣ ከዚያም ሙሴ ከልማዱ ጋራ እየታገለ ተስፋ በቈረጠበት ሌሊት ሁሉ አልተለየውም። ያ ወንበዴ ኋላ ቅስና ተቀብሎ የብዙዎች አባት ሆነ። እዚሁ አጠገባችን በአሰቦት፣ አቡነ ሳሙኤል በመሠረቱት በደብረ ወገግ ገዳም የሚጸልዩ አባቶችም የሙሴን ስም ሲጠሩ የኤስድሮስን ትዕግሥት አብረው ይጠሩልን ዘንድ እወዳለሁ፤ ያለ ኤስድሮስ ሙሴን ባላገኘነውምና።

የዓለሙ ሕግ እንኳ በዚህ ነገር ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን በመልካም ጠባይ የፈጸመ እስረኛ በአመክሮ እንዲወጣ ይፈቅዳል። ከዚህም አልፎ «መሰየም» በሚለው ክፍሉ፣ ጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌላው ቅጣት ቢያንስ 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ከኖረ በኋላ ፍርድ ቤት ፍርዱን ከመዝገብ ሊሰርዝለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ከተሰየመ በኋላ የድሮውን ቅጣት በክፋት እያነሣ የሚያዋርደውም በስም ማጥፋት ይጠየቃል። ዳኛ ከመዝገቡ የፋቀውን ጥፋት እኛ በጠላ ቤትና በጫት መቃሚያ አፋችን ላይ ጽፈን ስናቆየው፣ ንስሐን በሚሰብክ ሕዝብና ሕግን በሚያስፈጽም ፍርድ ቤት መካከል መሓሪው ማን ሆነ?

ስለዚህ ለሚኤሶ እድሮች፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም፣ አንድ ነገር ለመለመን እደፍራለሁ። ዘመን ሲለወጥና በዓል ሲደርስ በይቅርታ የሚፈቱ ሰዎች ወደየቀያቸው ይመለሳሉ፤ ከመካከላቸው ወደዚህ ከተማ የሚመጣ አይጠፋም። እድሩ ያ ሰው በሞተ ቀን ድንኳን ተክሎ፣ ሬሳውን ተሸክሞ ሊቀብረው እንደማይጠላ አውቃለሁ። በሕይወት ሳለም ሥራ ፍለጋ ሲሄድ የእድሩ ዳኛ «ስለዚህ ሰው እኛ አለን» ብሎ ፈርሞ ማኅተም ያኑርለት፤ ቢያጐድል የሚከፈለውንም አባላቱ ለቀብር እንደሚያዋጡት ሁሉ ተካፍለው ያዋጡ። ወረቀቱን ማን እንደሚጽፍና ለማን እንደሚሰጥ በሚመጣው የእድር ስብሰባ ላይ ተመካከሩበት።