የባዶ ጎጆ ምስክርነት

ግንደ ቆርቁርን ብዙው ሰው የሚያውቃት በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። በግንዱ ውስጥ ያለውን ሕይወት ቆጥሮ እንዲመዘግብ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ግን መስማት አይበቃውም። ማየት አለበት፤ ያየውንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ መጻፍ አለበት። ከሁለቱ የሚከብደው ቀላል የሚመስለው ሁለተኛው ነው።

በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ፣ ቅጠለ ረጅም በሆነው የፓይን ደን፣ ጎጆዋን ሕይወት ባለው ያረጀ ዛፍ ውስጥ የምትፈለፍል አንዲት የግንደ ቆርቁር ዝርያ አለች። ሥራው ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጃል። በደጃፏ ዙሪያ ቅርፊቱን እየወጋች ሙጫ ታፈሳለች፤ ዛፍ የሚወጣ እባብ በዚያ ላይ መሳብ ይቸግረዋል። ያደጉ ወንዶች ልጆቿም ብዙ ጊዜ እዚያው ቀርተው ታናናሾቻቸውን ይመግባሉ፤ ይህን የሰማ ሰው የገጠር ቤተሰብ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። አሮጌዎቹ ዛፎች በመጨፍጨፋቸው ቁጥሯ ተመናምኖ እ.ኤ.አ. በ1970 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ተመደበች።

በመራቢያዋ ወራት መዝጋቢው በየሳምንቱ ግድም እየተመላለሰ፣ በረጅም ዘንግ ጫፍ የታሰረች ካሜራ ወደ ቀዳዳው አስገብቶ ይመለከታል። እንቁላሎቹን፣ ከዚያም ዓይናቸው ያልተገለጠ ጫጩቶችን ይቆጥራል፤ ሳምንት ግድም ሲሞላቸው በእግራቸው ላይ ባለ ቀለም ቀለበት ያስራል። በመጨረሻ የተፈለፈለው ጫጩት ብዙ ጊዜ በረኃብ ይሞታል። መዝጋቢው ይጽፈዋል እንጂ አይመግበውም። ርኅራኄ የጎደለው ይመስላል፤ ዳሩ ግን በየጎጆው እጁን ያስገባ እንደ ሆነ የሚቆጥረው የደኑን ሕይወት ሳይሆን የራሱን ቸርነት ነው።

ፈተናው የሚመጣው ጫጩቶቹ ለመብረር በሚደርሱበት በሃያ ስድስተኛው ቀን ገደማ ነው። ካሜራው ይገባል፤ ጎጆው ባዶ ነው። በረው ይሆን ወይስ ተበልተው? ላብ ያጠመቀው፣ ገና ብዙ ዛፍ የሚቀረው ሰው «በረዋል» ብሎ ቢጽፍ ሪፖርቱ ያምራል፤ ወፏም ቀርባ አትመሰክርበትም። የሚገባው ግን ቤተሰቡን በደኑ ውስጥ ተከትሎ የልጆቹን የልመና ድምፅ መስማት፣ የወጣቱን ወንድ ቀይ አናትና የቀለበቱን ቀለም በመነጽር መለየት ነው። ካላገኘም «አላገኘሁም» ይላል።

ለአንዲት ወፍ ይህ ሁሉ ድካም ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ በደቡብ ካሮላይና የፍራንሲስ ማሪዮንን ደን በአንድ ሌሊት መታው፤ ጎጆ ያለባቸው ዛፎች አብዛኞቹ ተሰበሩ፣ ከወፎቹም የሚበዙት አለቁ። የጥፋቱ ልክ የታወቀው አስቀድሞ የተጻፈ ቁጥር ስለ ነበረ ነው። ያን ጊዜ የሰው እጅ ገባ፤ የቆሙትን ግንዶች ቦርቡሮ የእንጨት ሣጥን ተከለባቸው፤ ወፎቹም ገቡበት። ይህ ግን በስውር የተደረገ ቸርነት አልነበረም፤ ሰው የሠራው ጎጆ ሰው የሠራው ተብሎ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዝርያዋ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተራ ወጥታ ስጋት ካለባቸው ተመደበች።

መዝጋቢው ዛሬም ዘንጉን ተሸክሞ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሄዳል። በደብተሩም ውስጥ «ባዶ፤ ምክንያቱ ያልታወቀ» የሚል መስመር አለ።