ከማዕዱ ርቆ ስለ መቆም
(የሕግና የጸጋ ነገር)

ሕግን ብቻ ይዞ ጸጋን የሚረሳ ሰው አለ፤ ጸጋን ብቻ ጠርቶ ሕግን የሚንቅ ሰውም አለ። ፊተኛው ጽድቅን እንደ ገበያ ዕቃ የሚገዛ ይመስለዋል፤ ይህን ያህል ጾሜአለሁና፥ ይህን ያህል ሰግጃለሁና ይህን ያህል ይገባኛል ይላል። ሁለተኛው ዕዳው እንደ ተተወለት ሰምቶ ሌላ ዕዳ ለመግባት የሚሮጥ ተበዳሪ ነው፤ እግዚአብሔር መሐሪ ነውና ይምረኛል ይላል። ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን እንደ ምሥራቅና እንደ ምዕራብ የተራራቁ አድርገው ይቈጥሯቸዋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንወደው ሁለቱ ወንድማማች መሆናቸውን፥ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰው ልብ ተስማምተው ማደራቸውን ነው።

ክርክሩ ዛሬ የተነሣ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ50 ዓመት ገደማ ሐዋርያትና ቀሳውስት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው፥ ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ፥ የሙሴን ሕግ ሁሉ ይጠብቁ ወይስ አይጠብቁ ብለው መከሩ። የምክራቸውም ፍጻሜ ይህ ሆነ፤ ከባዱን ቀንበር አልጫኑባቸውም፤ ነገር ግን ለጣዖት ከተሠዋ፥ ከደም፥ ታንቆ ከሞተ፥ ከዝሙትም እንዲርቁ አዘዟቸው። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ነጻነትም ትእዛዝም ተጻፈ ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ወደ ባርነት እንዳይመለሱ አስጠነቀቃቸው፤ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ግን ጸጋ እንዲበዛ በኀጢአት እንቈይ የሚለውን አሳብ አጥብቆ ነቀፈ። የሁለቱ መልእክት ባለቤት አንድ ሐዋርያ ስለ ሆነ፥ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ሰው ጳውሎስን ለሁለት ይከፍለዋል።

ባገራችንም ይህ ነገር ታስቦበታል። የላቲን መምህራን ኢትዮጵያውያን ኦሪትን እንደ አይሁድ ይጠብቃሉ ብለው በነቀፉ ጊዜ፥ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓመተ ምሕረት፥ ማለት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1555፥ የሃይማኖታቸውን መግለጫ ጻፉ። በዚያም ግዝረት በእኛ ዘንድ ያገር ልማድ እንጂ የኦሪትን ሕግ ለመፈጸም የሚደረግ እንዳልሆነ፥ ይህም ፊትን እንደ መብጣትና ጆሮን እንደ መብሳት መሆኑን አስረዱ። የእሪያ ሥጋም ቢሆን የሚበላው እንደማይናቅ፥ የማይበላውም እንዲበላ እንደማይገደድ ገለጡ። ንጉሡ ልማዱን አልጣሉም፤ ነገር ግን የመዳን ዋጋ አላደረጉትም። ልጅ ባባቱ ቤት ሥርዐት ይኖራል፤ ልጅነቱን ግን በሥርዐቱ አልገዛውም።

ስለ ጥንቱ ይህን ከተናገርን ወደ ራሳችን እንመለስ። በእሑድ ቅዳሴ ሥጋ ወደሙ በሚሰጥበት ጊዜ፥ በብዙ ደብር የሚቀርቡት እነማን እንደ ሆኑ እናስተውል። ሕፃናት በእናቶቻቸው እቅፍ ሆነው ይቀርባሉ፤ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በምርኵዝ ተደግፈው ይቀርባሉ። በመካከል ያለው ዕድሜ፥ ቤት የሚያስተዳድረው፥ በመሥሪያ ቤት የሚፈርመው፥ በገበያ የሚመዝነው ሰው ግን ከስፍራው አይነቃነቅም። በቅርብ ዓመታት በየከተማው የሚቈርቡ ወጣቶች መብዛታቸው ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፥ ርቆ የሚቆመው ገና ብዙ ነው።

ለምን አትቀርብም ተብሎ ቢጠየቅ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንደኛው፥ እኔ አልበቃሁም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ገና ነኝ፤ ስሸመግል ንስሐ ገብቼ እቈርባለሁ የሚል ነው። የፊተኛው መልስ ትሕትና ይመስላል፤ በውስጡ ግን ቅድስናን አስቀድሞ ተሠርቶ የሚያልቅ፥ ካለቀም በኋላ ደመወዙ የሚከፈልበት ሥራ አድርጎ የማየት አሳብ አለ። የሁለተኛው መልስ ልቅነት ነው፤ በጕልማሳነትና በሽምግልና መካከል ያለውን ዘመን ሁሉ ለራሱ ፈቃድ ከልሎ ይዞታልና። ሁለቱም ከአንድ አፍ ይወጣሉ። ማዕዱን እጅ እስከማይደርስበት ድረስ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ከፍ ስላደረገውም ኑሮውን ከማዕዱ ፍርድ ነጻ አወጣ። እኔ አልቈረብሁ፤ ማን ይጠይቀኛል ብሎ በሐሰት ይምላል፥ የሠራተኛውን ዋጋ ያስቀራል። እንዲህ ሆኖ ሕግን መፍራት ለልቅነት መጠለያ ሆነለት።

በጋብቻም ነገር እንዲሁ ነው። ብዙ ሰዎች በቍርባን መጋባትን የሚሸሹት አይፈታም ብለው ነው፤ በሌላ ውል ተጋብተው ልጅ ከወለዱና ካረጁ በኋላ አብረው ይቈርባሉ። ይህም ቍርባንን ከማክበር የመጣ ነው ይባላል። ነገር ግን የተከበረው ቍርባኑ ነው ወይስ የመፍታት ፈቃድ? ይህን እያንዳንዱ በልቡ ይመርምር።

አባቶቻችን ርቆ መቆምን እንደ ትሕትና አልቈጠሩትም። በሐዋርያት ስም በተጻፉት ቀኖናዎች፥ መጻሕፍት ሲነበቡ ሰምቶ ለጸሎትና ለቍርባን ሳይቈይ የሚሄድ ምእመን ሥርዐትን እንደሚያፈርስ ሆኖ ይቀጣል። ዮሐንስ አፈ ወርቅም የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጕም፥ መሥዋዕቱ ዘወትር ሲቀርብ ሕዝቡ ግን በዓል እየጠበቀ መቅረቡን አጥብቆ ወቅሷል። ለመቅረብ የሚያበቃው የበዓል ቀን ሳይሆን የኅሊና ንጽሕና መሆኑንም አስተምሯል።

እዚህ ላይ ካህን እንዲህ ብሎ ቢከራከረን ይገባዋል፤ በሩን እንዲህ ከከፈትነው ሕዝቡ በድፍረት አይገባምን? ጳውሎስስ ሳይገባው የሚበላውን ሰው አላስፈራራውምን? እውነት ነው፤ አስፈራርቶታል። ነገር ግን የቆሮንቶስ ሰዎች በደል ምን እንደ ነበረ እንመልከት። ባለጠጋው የራሱን እራት አስቀድሞ በልቶ ሲሰክር ድኻው ይራብ ነበር። ስለዚህ ሐዋርያው ሰው ራሱን መርምሮ ይብላ አለ እንጂ መርምሮ ይሂድ አላለም። ምርመራው የመቅረቢያ መንገድ እንጂ የመሸሻ ምክንያት አይደለም።

የአንጾኪያው አግናጥዮስ ቍርባንን መድኃኒት ብሎ ጠርቶታል። መድኃኒት የሚወሰደው ከዳኑ በኋላ አይደለም፤ በደዌ ሳሉ ነው። ዳሩ ግን የባለመድኃኒቱን ትእዛዝ ንቆ እንደ ፈቀደ የሚውጠው ይጐዳል። ጾሙ፥ ንስሐው፥ የንስሐ አባት የሚሰጠው ቀኖና የባለመድኃኒቱ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን ጠብቆ መድኃኒቱን የማይወስድ በሽተኛ አይድንም፤ መድኃኒቱን ወዶ ትእዛዙን የሚጥለውም አይድንም። ሕግና ጸጋ የሚገናኙት እዚህ ነው።

በሉቃስ ወንጌል የተነገረው የሁለቱ ልጆች ምሳሌም ይህንኑ ያስተምረናል። ታናሹ ድርሻውን ተቀብሎ በልቅነት ወጣ፤ ሲመለስ ግን ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ የሚል አሳብ ይዞ መጣ። ታላቁም ያገለገለበትን ዓመት ቈጥሮ አንድ ጠቦት እንኳ አልተሰጠኝም ብሎ ከደጅ ቆመ። አንዱ በልቅነቱ፥ አንዱ በጽድቁ ከአባታቸው ርቀው ነበር፤ ሁለቱም የተናገሩት የደመወዝ ቋንቋ ነው። አባትየው ግን ወደ ታናሹ ሮጠ፥ ወደ ታላቁም ወጥቶ ለመነው። ለማንኛቸውም ደመወዝ አልቈረጠም፤ ልጆች ናቸውና።

እንግዲህ እናንተ የንስሐ አባቶች ሆይ፥ የነፍስ ልጆቻችሁን ጾማችሁን ብላችሁ ስትጠይቁ፥ ከማን ጋር ተጣልታችኋል፥ የማን ገንዘብ በእጃችሁ አለ፥ ከማዕዱስ ለምን ራቃችሁ ብላችሁም ጠይቁ። አንተም በከተማ የምትኖር የተማርህ ወንድም ሆይ፥ ሽምግልና በእጅህ አይደለምና ንስሐህን ለእርሱ አታቈየው። አልበቃሁም ማለትህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በደጅ ቆሞ የበቃ ሰው የለም። የቀማኸውን መልስ፥ የተጣላኸውን ታረቅ፥ ለአባትህ ተናዘዝ፤ ከዚያም በፍርሀትና በእምነት ቅረብ። እግዚአብሔር ለሁላችን ልብ ይስጠን፤ አሜን።