ምጽዋት ወይስ ዕዳ?

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ከደጀ ሰላሙ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈው የሚቀመጡትን ወንድሞችና እኅቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከእነርሱ መካከል እግራቸው የማይራመድ፣ ዓይናቸው የማያይ ብዙዎች ናቸው። ያለንን ሳንቲም ጣል እናደርጋለን፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉናል፤ እኛም ልባችን ቀለል ብሎት ወደ ቤታችን እንገባለን። ነገር ግን አካል ጉዳተኛን በዚያ ስፍራ ብቻ ማየት ስለ ለመድን፣ ገንዘቡን ይዞ ገዢ ሆኖ ሲመጣ ምን እንደምናደርገው ግራ ይገባናል።

በዊልቸር የሚሄድ አንድ ወንድማችን አለ። እንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አንድ ቀን ደብተር ሊገዛ ወደ አንድ ሱቅ ሄደ። መግቢያው ሦስት ደረጃ ስላለው ከታች ሆኖ ተጣራ። ባለሱቁ ብቅ ብሎ አየውና ምን እንደሚፈልግ እንኳ ሳይጠይቅ «እግዜር ይስጥህ» ብሎት ተመለሰ። ወንድማችን ግን መቶ ብር በእጁ ይዞ ነበር! ታክሲ ሲጠብቅም ባዶ ወንበር እየታየ «ሞልቷል» የሚለው ረዳት አለ፤ የሚጭነውም ቢሆን ለዊልቸሩ ተጨማሪ ሒሳብ ይጠይቀዋል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ነጋዴ ደጁን ለአካል ጉዳተኛ ሲከፍት የሚሰጠው ምጽዋት ነው ወይስ የሚከፍለው ዕዳ?

አስቀድመን ሕጉን እንይ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድና ደረጃ ለሚያዳግተው ሰው የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። ስምምነቱ በአንቀጽ 9 ለሕዝብ ክፍት አገልግሎት የሚሰጡ የግል ድርጅቶችም ጭምር ይህን ጉዳይ እንዲያስቡበት መንግሥታትን ያስገድዳል። ስለዚህ በሕግ በኩል ነገሩ የነጋዴው በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም።

በዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ። «ነጋዴውም ደሃ ነው፤ በጉልት ተቀምጦ ልጆቹን የሚያሳድገውን ሰው በሕግ ማስጨነቅ ግፍ አይሆንም ወይ?» ይላሉ። መቃወሚያው ቀላል ስላልሆነ በቀላሉ አንለፈው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19ን ስናነብ በቁጥር 14 በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖር ተከልክሏል። በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 35 እና 36 ደግሞ ነጋዴ በሚዛንና በመስፈሪያ እንዳያጭበረብር ታዟል። ሁለቱ ትእዛዛት ባንድ ምዕራፍ ይገኛሉ። ትክክለኛ ሚዛን ምጽዋት ነው የሚል ሰው ሰምተን አናውቅም። ደሃ ስለሆነ ብቻ ሚዛን ማጉደል የተፈቀደለት ነጋዴም የለም። ታዲያ ለዕንቅፋቱ ሲሆን ስለ ምን ሌላ ፍርድ እንፈርዳለን?

ሆኖም ወጪ የሚጠይቀውንና የማይጠይቀውን መለየት ተገቢ ነው። አሳንሰር መግጠም ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ «ሞልቷል» ብሎ አለመዋሸት ግን ምንም አያስወጣም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ እንኳ ነባር ሱቅና ምግብ ቤት እንዲያነሡ የሚጠይቃቸው ያለ ብዙ ችግርና ያለ ብዙ ወጪ ሊነሣ የሚችለውን መሰናክል ነው። ሕግ አቅምን ሊመዝን ይችላል፤ ይገባዋልም። ሰውን አይቶ እንዳላየ መሆንን ግን የአቅም ማነስ ልንለው አንችልም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ልማድ ነው። በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። በዚያ አገር ደንብ አንድ ባለ ታክሲ አካል ጉዳተኛን አልጭንም ማለት፣ ዊልቸሩን በመጫን አልረዳም ማለት፣ ወይም በዚህ ምክንያት ዋጋ መጨመር አይፈቀድለትም። ማየት የተሳነውን ሰው የሚመራውን ውሻ መከልከልም እንዲሁ። እኛ ውሻን ከቤት ውጭ አስረን ያደግን ሰዎች ይህ ይከብደናል። ነገር ግን ያ ውሻ ለዚያ ሰው ዓይኑ ነው። ዓይንህን ውጭ ትተህ ግባ ማለት ደግሞ አትግባ ማለት ነው። ወንበር ቢቆሽሽ ይጠረጋል፤ በመንገድ ላይ ተትቶ የቀረ ሰው ኅዘን ግን በምን ይጠረጋል?

«ፍቅር ካለ ሕግ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። እኛም እንዲህ እንል ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ፎቅ ላይ ነው፤ ያን ወንድማችንን በየሳምንቱ ተሸክመን እናወጣው ነበር፤ በዚህም ደስ ይለን ነበር። አንድ ቀን ግን «እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ እንኳ በራሴ ሰዓት መጥቼ በራሴ ሰዓት ብሄድ እንዴት ደስ ባለኝ!» አለን። ለካስ የእኛ ፍቅር እኛ የተገኘንበትን ቀን ብቻ ይጠብቅ ኖሯል! ሕግ የሚያስፈልገው ፍቅር ባልመጣበት ቀን ሰው ደጅ እንዳይቀር ነው።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን በቂ አይደለም። ለዊልቸር ተብሎ በተሠራ መወጣጫ ላይ ካርቶን የሚቆልል ነጋዴ አይተናል። ሕጉ ተፈጽሟል፤ ሰውየው ግን አሁንም ውጭ ነው። ሕግ ደጁን ያሠራል፤ ደጁን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ግን ልብ ነው።

ይህን ስንጽፍ ግን አንድ ነገር አሳፈረን። እኛም ነጋዴዎች ነን! ጧፍ፣ መጻሕፍትና ነጠላ የምንሸጥባት ትንሿ ሱቃችን ሁለት ደረጃ አላት፤ የመሸጫ መስኮቷም በዊልቸር ለተቀመጠ ሰው ከራሱ በላይ ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ሰው ይላክ፤ ወይም እኛ ውጭ ድረስ እናመጣለታለን» አሉ። እርሱ ግን መጽሐፍ ገልጦ አይቶ መምረጥ አይገባውምን? ስለዚህ ለዘንድሮው መንፈሳዊ ጉዞ ካጠራቀምነው ገንዘብ ተቀንሶ መወጣጫ እንዲሠራ፣ መስኮቱም ዝቅ እንዲል ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ አቅርበናል። ጉዞው ሊያጥር ይችላል፤ የምንወስነውም ይህን አውቀን ነው።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን ተሸክመው ጣራ የነደሉትን አራቱን ሰዎች ሁልጊዜ እናመሰግናለን፤ ራሳችንንም ከእነርሱ ጋር እንቆጥራለን። ጣራው የተነደለው ግን በደጁ የቆመው ሕዝብ መግቢያ ስለ ዘጋ ነው። እነዚያ በደጅ የቆሙት ክፉዎች አልነበሩም፤ ቃሉን ሊሰሙ የመጡ ነበሩ። ዘወር ብለው መንገድ መስጠትን ግን አላሰቡም። እኛስ ከየትኞቹ ነን? ሁላችንም በየልባችን እንመርምር።